በሌዘር ክፍሉ በር ላይ የለጠፍኩት ወረቀት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ካቻምና በሐምሌ ወር ነው። የማልረሳው አደጋ ስላየሁበት ብቻ አይደለም። ሥራዬ ማስረዳት ነው፤ ሰሜን ለንደን ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። የዚያን ሰሞን የሆነውን ግን ለራሴም በቅጡ ማስረዳት አቅቶኝ ቆይቷል። ምናልባት ስጽፈው ይጠራልኝ ይሆናል ብዬ ነው የጀመርኩት።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ አንዳንድ የሳይንስ መምህራን ለጥቂት ሳምንታት ከዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር እንዲውሉ ይደረጋል። እኔም አፕላይ አደረግሁና አንድ የሌዘር ላቦራቶሪ ደረሰኝ። ኃላፊዬ ጃኔት የምትባል እንግሊዛዊት የላቦራቶሪው የደኅንነት ተቆጣጣሪ ነበረች። ብዙ አትናገርም፤ ከጠየቀች ግን መልሱን እስክታገኝ ዓይኗን ከሰው ላይ አትነቅልም።

የሰጠችኝ ሥራ ቀላል ነበር። በኮሪደሩ ላይ ስድስት የሌዘር ክፍሎች አሉ። በየቀኑ ሰሌዳ ይዤ እየዞርኩ የማስጠንቀቂያ ምልክቶቹ በቦታቸው መሆናቸውን፣ መብራቶቹ መሥራታቸውን፣ ከየበሩ አጠገብ የተሰቀሉት መከላከያ መነጽሮች አለመጉደላቸውን ቼክ ማድረግ ነው። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ሥራ ነፍሴ ነው። በሁለተኛው ቀን የራሴን ሠንጠረዥ ሠርቼ፣ ቀለም ቀብቼ መጣሁ።

በሩን ላላየ አንባቢ ላስረዳ። በእያንዳንዱ በር ላይ ቢጫ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት አለ፤ መሐሉ ላይ እንደ ኮከብ የሚፈነጥቅ ጨረር ተሥሏል። ከሥሩ በዚያ ክፍል ውስጥ የትኛው መነጽር እንደሚያስፈልግ በቁጥር ተጽፏል፤ ለአንዱ ጨረር የሚሆን መነጽር ለሌላው አይሆንምና። ከበሩ በላይ መብራት አለ። አረንጓዴ ከሆነ ሌዘሩ ጠፍቷል፣ ቀይ ከሆነ በርቷል ማለት ነው። እዚያ ያሉት ሌዘሮች የዓይንን ብርሃን ባንድ ቅጽበት ሊያጠፉ የሚችሉ ናቸው። ስለዚህ መቃኑ ላይ በሩ መከፈት አለመከፈቱን የሚያውቅ ትንሽ ነጭ መሣሪያ ተገጥሟል። በሩ ከተከፈተ መሣሪያው ጨረሩን ያቋርጠዋል። በሩ ክፍት ሆኖ ሌዘር ማብራት አይቻልም።

በሦስተኛው ቀን አራተኛው ክፍል በር ላይ ቆሜ ስጽፍ አንድ ድምፅ በአማርኛ ጠራኝ።

«አንቺ! የአልማዝ ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

ዘወር ስል ጋሼ ሀብቶም ናቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ሽማግሌ ናቸው። ተወልደው ያደጉት አሥመራ ነው፤ የተማሩት ግን በአማርኛ ስለሆነ አማርኛቸው ከእኔ ይበልጣል። ሥራቸው ጽዳት መሆኑን ሰምቼ ነበር፤ የት እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። መወልወያቸውን ይዘው፣ የሥራ ልብሳቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ቆመዋል።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ምልክቶቹን ነው የምቆጣጠረው ጋሼ።»

«ምልክቶቹን? ይሸሻሉ ብለው ነው?»

ሳቅን። ከዚያ እንደ ልማዴ ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ ቢጫው ምልክት፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ነጩ መሣሪያ ሁሉንም ነገርኳቸው። በመወልወያው እንጨት ተደግፈው «አሃ» እና «እንዲህ ነው እንዴ?» እያሉ ሰሙኝ። ስጨርስ «ተማሪዎችሽ ታድለዋል» አሉኝ። እኔም እኚህ ሰው እንዲህ ያለ አደገኛ ኮሪደር ሲያጸዱ እስካሁን ያስረዳቸው ሰው የለም ማለት ነው ብዬ ደነገጥኩ።

ኬንቲሽ ታውን ያለው ቤታችን እንደገባሁ ኮምፒውተሬን ከፍቼ አንድ ገጽ ማስታወቂያ በአማርኛ ጻፍኩ። በትልልቅ ፊደል «ቀይ ሲሆን አይግቡ። አረንጓዴ ሲሆን ይግቡ። በሩ ክፍት ሆኖ ጨረሩ ሊበራ አይችልም» ይላል። በነጋታው በአራተኛው ክፍል በር ላይ፣ ከቢጫው ምልክት ሥር፣ ጠንካራ በሆኑ ሁለት ክብ ማግኔቶች አያያዝኩት። በሩም መቃኑም ብረት ስለሆነ ጥብቅ አለ። ጃኔትን አላስፈቀድኩም። ወረቀት ምን ያስፈቅዳል ብዬ።

ጋሼ ሀብቶም ሲመጡ ቆመው አነበቡት።

«ይሄ ለእኔ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ» አሉና አንድ ጊዜ ወረቀቱን፣ አንድ ጊዜ በሩን እያዩ ቆዩ። ምን እንደሚያዩ አልገባኝም። ተደንቀው መሰለኝ።

ነገሩ የሆነው ከሁለት ቀን በኋላ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው። አራተኛው ክፍል ስደርስ ጋሼ ሀብቶም የውስጡን ቆሻሻ ለማውጣት ጥቁር ከረጢት ይዘው በሩ ላይ ጠበቁኝ። መብራቱ አረንጓዴ ነው። የበሩን የቁጥር ኮድ ነካሁና በሩን በሰፊው ከፍቼ ያዝኩት።

«ይግቡ ጋሼ።»

«አንቺ ግቢ።»

«ኧረ እንዴት ተደርጎ! እርስዎ ይቅደሙ።»

«አስተማሪ ሆነሽ ቆሻሻ ሰብሳቢ ከፊትሽ ይግባ? ግቢ እንጂ።»

«በማርያም ጋሼ፣ እናቴ ብትሰማ ምን ትለኛለች?»

«እሷም ግቢ ነው የምትልሽ።»

እንዲህ ያለው ግብግብ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ አንባቢ ያውቀዋል። እሳቸው በእጃቸው ወደ ውስጥ ያመለክቱኛል፤ እኔ በሩን ይዤ አንገቴን እሰብራለሁ። አንዳችንም ንቅንቅ አላልንም።

በዚህ መሐል ከራሳችን በላይ ያለው መብራት ቀይ ሆነ።

ቀና ብዬ አየሁት። በሩን አየሁት። በሩ በእጄ ነው፤ ወለል ብሎ ተከፍቷል። «ሊሆን አይችልም» አልኩ ጮክ ብዬ። እንደገና ቀና አልኩ። ቀይ ነው። ወደ ኋላ መመለስ ሲገባኝ በሩ ላይ ቆሜ ለምን እንዲህ ሊሆን እንደቻለ አስባለሁ። መነጽር እንኳ አላደረግሁም።

ጋሼ ሀብቶም የቦርሳዬን ማንገቻ ይዘው ወደ ኮሪደሩ ሳቡኝና በሩን ድርግም አድርገው ዘጉት።

«ቀይ ነው! ምን ትሠሪያለሽ ቆመሽ?»

«ግን እኮ ጋሼ፣ በሩ ክፍት ነበር...»

«እሱን በኋላ ታስረጂኛለሽ።»

ለጃኔት ደወልኩ። ወዲያው መጣች። ውስጥ ያለው ተመራማሪ ሪቻርድ የሚባል ወጣት ነው፤ ደውላ ሌዘሩን አስጠፋችው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወጣ። ከበሩ ወዲያ ከተጋረደው ጥቁር መጋረጃ ጀርባ ስለነበር እኛን አላየንም። ቁልፉን ከማዞሩ በፊት መቆጣጠሪያውን ማየቱን፣ መቆጣጠሪያውም በሩ ዝግ ነው ማለቱን ምሎ ተናገረ። ጃኔት የበሩን መዝገብ ከኮምፒውተሩ ላይ አየች። ሪቻርድ ጠዋት ከገባ በኋላ በሩ አንድም ጊዜ አልተከፈተም ይላል።

«በሩን በእርግጥ ከፍተሽዋል?» አለችኝ።

ከፍቻለሁ ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። ኮምፒውተሩ ግን አልተከፈተም አለ። እኔ ደግሞ ለተማሪዎቼ መሣሪያ አይዋሽም፣ የሚሳሳተው ሰው ነው የምል አስተማሪ ነኝ። ግራ ገባኝ። ጋሼ ሀብቶም ባይኖሩ ኖሮ አልከፈትኩትም ይሆናል የምል ይመስለኛል።

«ለምን ያህል ጊዜ ነው የተከፈተው?»

«ግማሽ ደቂቃ ይሆናል።»

«ግማሽ ደቂቃ ሙሉ በር ላይ ምን ትሠሩ ነበር?»

«እኔ እሳቸውን ግቡ እላለሁ፣ እሳቸው እኔን ግቢ ይላሉ።»

ጃኔት አፍጥጣ አየችኝና ማስታወሻዋ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። ምን ብላ እንደጻፈችው እስከ ዛሬ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ከዚያ የሌዘሩን ቁልፍ ነቅላ ኪሷ ከተተችና በሩን ራሷ ከፈተችው። ሪቻርድ ከውስጥ መቆጣጠሪያውን እያየ «ዝግ» አለ። የበለጠ ከፈተችው። «ዝግ።» ጃኔትና እኔ በተከፈተው በር መሐል ቆመን፣ ዝግ ነው የሚል መሣሪያ እናያለን።

ያኔ ጋሼ ሀብቶም ከረጢታቸውን አስቀምጠው መጡ። ከመቃኑ የውስጥ ጠርዝ ላይ አንድ ወረቀት አነሡ። የእኔ ወረቀት ነው። ሪቻርድ ወዲያው «ክፍት!» ብሎ ጮኸ።

«ዛሬ ጠዋት ሪቻርድ ሲገባ፣ በሩ ሳይዘጋ ወደዚህ ያዛወርኩት እኔ ነኝ» አሉ፤ በእንግሊዝኛ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሩ ላይ ትንሽ ማግኔት ተቀብሯል። መቃኑ ላይ ያለው ነጭ መሣሪያ ማግኔቱ ሲቀርበው «ዝግ»፣ ሲርቀው «ክፍት» ይላል። ጋሼ ሀብቶም ወረቀቴን ሲያዛውሩ አንደኛው ማግኔቴ ልክ በነጩ መሣሪያ ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ በሩ ወዲያ ቢሄድ ወዲህ ቢመጣ መሣሪያው ማግኔት አጠገቡ አለ። በሩ ክፍት ሆኖ ጨረሩ ሊበራ አይችልም ብዬ የጻፍኩበት ወረቀት፣ በሩ ክፍት ሆኖ ጨረሩ እንዲበራ አደረገ።

ጃኔት ሁለታችንንም ቢሮዋ አስገባችን። በዚህ ጊዜ የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር። የጽዳት ድርጅቱ የደኅንነት መሣሪያ የነካካ ሠራተኛ እንደሚያባርር ሰምቻለሁ። ጋሼ ሀብቶም ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው ጥቂት ነው። በእኔ ወረቀት ሰበብ ከሥራ ሊወጡ ነው።

«ወረቀቱ የማን ነው?»

«የእኔ» አልኩ።

«ምን ይላል?»

ተረጎምኩላት።

«ለምን በአማርኛ?»

ያኔ ሁሉንም ነገር በቅደም ተከተል አስረዳኋት። «እሳቸው እንግሊዝኛ ብዙም አያነቡም። ምልክቶቹ አይገቧቸውም ነበር፤ ለዚህ ነው የጻፍኩላቸው። ወረቀቱንም ያዛወሩት ሳያውቁ ነው። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው» አልኩ። ስናገር ደግ ሥራ የሠራሁ መሰለኝ፤ ድምፄም ኮራ ብሎ ነበር።

ጋሼ ሀብቶም ዘወር ብለው አዩኝ። ረጅም አስተያየት ነው። ምስጋና ነው ብዬ ወሰድኩት።

ጃኔት «የሚጨምሩት ነገር አለ?» አለቻቸው።

«የለም» አሉ።

እኔ ተግሣጽ ደረሰኝ። ነጩ መሣሪያ በተራ ማግኔት በማይታለል እንዲቀየር ታዘዘ። በየመቃኑ የተለጠፈ ወረቀት ሁሉ ተነሣ። ጋሼ ሀብቶምን ያባረራቸው ሰው የለም። አለቀ ብዬ ተነፈስኩ።

ሰኞ ስመጣ ኮሪደሩን የምትወለውለው ሌላ ሴት ናት። ጋሼ ሀብቶም የት ናቸው ብላት ድርጅቱ ፓርክ ሮያል ወደሚገኝ መጋዘን እንዳዛወራቸው ነገረችኝ። ለምን እንደሆነ አላወቀችም። ጃኔት ጋ ሄጄ ስጠይቃት ሪፖርቱን አሳየችኝ። «ሠራተኛው የማስጠንቀቂያ ምልክቶቹን መረዳት ስለማይችል በሌዘር ኮሪደር ሊመደብ አይገባም» ይላል። ምንጩ እኔ ነኝ፤ ስሜም አለበት።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያልኩት ይህንኑ ነው፤ ቃሉ ሁሉ የእኔ ነው። እኔ ግን ያልኩት እንዲጠቅማቸው ነበር። ከመባረር ያዳንኳቸው ልሁን፣ ከሥራቸው ያስነሣኋቸው ልሁን መለየት አልቻልኩም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አገኘኋቸው። እናቴን ጠየቁኝ፤ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። በመጨረሻ ድፍረት አግኝቼ አወጣሁት።

«ጋሼ፣ እንግሊዝኛ ያነባሉ እንዴ?»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያ በር ሥር ስወለውል ዓይኔን ጨፍኜ ይመስልሻል?»

ከዚያ ከአንደኛው ክፍል ጀምረው የየበሩን የመነጽር ቁጥር በተራ ጠሩልኝ። ስድስተኛው ላይ ተሳሳቱ ብዬ ስልኬ ላይ ያለውን ሠንጠረዤን ከበሩ ፎቶ ጋር አስተያየሁ። አልተሳሳቱም። የተሳሳተው ሠንጠረዤ ነው።

«ታዲያ ያን ቀን ሳስረዳዎት ለምን አላወቅሁም መሰሉ?»

«ደስ ብሎሽ ስታስረጂ እንዴት ላቋርጥሽ?»

«ወረቀቱንስ ለምን አዛወሩት?»

«የመነጽሩን ቁጥር ሸፍኖት ነበራ! ሰው በማይሆነው መነጽር ቢገባስ? ልቀደው? ለእኔ ብለሽ የደከምሽበትን እንዴት ብዬ? ዞር አድርጌ ሰቀልኩት።»

አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። ሁለት ቀን በሩ ላይ ሳልፍ ስመለስ ወረቀቴ የበሩን ዋና ነገር እንደሸፈነ አላየሁም። ያየሁት የፊደሎቼን ማማር ነው።

«ጃኔት ፊት ለምን ዝም አሉ ታዲያ? አነባለሁ ቢሏት ኖሮ እኮ...»

«አለቃሽ ፊት ውሸታም ላድርግሽ?» አሉኝ። ከዚያም ቀጠሉ፤ «ያዛወርኩት እኔ ነኝ። ማግኔት መሆኑን እያየሁ ነው። ጥፋቴን እኔው እናገር ነበር። አንቺ ግን ጥፋቴን እንኳ አልተውሽልኝም፤ አያውቅም አልሽ።»

የተቆጡ አይመስሉም ነበር። ስለ ዝናብ እንደሚያወሩ ነው የነገሩኝ። አውቶቡሱ መጣ፤ «እናትሽን ሰላም በይልኝ» ብለው ገቡ። እኔም የምሄደው በዚያው አውቶቡስ ነበር፤ ቆሜ ቀረሁ።

ሰኞ ጠዋት ጃኔት ቢሮ ገባሁ። የሰጠሁት ቃል ትክክል እንዳልነበር ነገርኳት።

«ለደኅንነት ምርመራ የነገርሽኝ እውነት አልነበረም ማለት ነው?»

«እውነት መስሎኝ ነው የነገርኩሽ።»

«ጠይቀሻቸው ነበር?»

«አልጠየቅሁም።»

ብዕርና ወረቀት ሰጠችኝ። «ሰውየው ምልክቶቹን ያነባሉ፤ ቁጥሮቹንም ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ። አያውቁም ብዬ ሳልጠይቅ የተናገርኩት እኔ ነኝ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ከሪፖርቱ ጋር አያይዛ ለጽዳት ድርጅቱ እንደምትልከው፣ ተስፋ ግን እንደማትሰጠኝ ነገረችኝ። ለርእሰ መምህሬ የጻፈችው ደብዳቤ ላይም ሁለቱንም ቃሌን አስፍራለች፤ መጀመሪያ ያልኩትንም በኋላ ያልኩትንም። ርእሰ መምህሬ ጠርቶ ሲጠይቀኝ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ በአጭሩ መለስኩ።

በገና ሰሞን ከጃኔት አጭር ኢሜይል መጣ። ጋሼ ሀብቶም ተመራማሪዎቹ የሚወስዱትን የደኅንነት ሥልጠና ወስደው፣ ፈተናውን አልፈው ወደ ኮሪደሩ ተመልሰዋል ይላል።

እሳቸው ግን ነገሩን አላነሡልኝም። በየሳምንቱ እንገናኛለን። ሰላም ይሉኛል፤ እናቴን ይጠይቃሉ፤ ስለ ላቦራቶሪው አንድ ቃል አይተነፍሱም። ቀርቤ ላወራቸው ስል ሌላ ሰው ያናግራሉ። ይቅር ብለውኝ ይሁን፣ ልብ ሳይሉኝ ይሁን፣ ቂም ይዘውብኝ ይሁን አላውቅም። ሠንጠረዥ የማይሠራለት ነገር ሆነብኝ።

በቅርቡ አንድ እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተቀምጬ ሳለ መጥተው አጠገቤ ቁጭ አሉ። ከደረት ኪሳቸው ከአካባቢው አስተዳደር ከካውንስሉ የተላከ ደብዳቤ አወጡ።

«መምህርት፣ እስቲ ይቺን አንብቢልኝ። መነጽሬን ረስቼ ነው።»

መነጽራቸው ደብዳቤው ከወጣበት ኪስ ውስጥ ነው፤ አንዱ እግሩ ወደ ውጭ ወጥቶ ይታየኛል። እሳቸውን አየኋቸው። እሳቸው ደብዳቤውን ያያሉ። ሊያሾፉብኝ ይሁን፣ ሊታረቁኝ ይሁን ማወቅ አልቻልኩም። ስለ መነጽሩ ምንም ሳልል ማንበብ ጀመርኩ። የሚኖሩበት ሕንፃ መስኮቶች ሊቀየሩ እንደሆነ የሚገልጽ ነው። እያንዳንዱን አንቀጽ አንብቤ በአማርኛ ነገርኳቸው። እጃቸውን አጣምረው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ አንድም ጊዜ ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

ስጨርስ ደብዳቤውን አጥፌ ልሰጣቸው ስል እጃቸውን አልዘረጉም።

«ሁለተኛው ገጽ ላይ የዘለልሽው መስመር አለ» አሉኝ።

ገልጬ አየሁ። እውነትም አለ። ደስ አለኝ፤ ግራም ገባኝ። መስመሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩላቸው።